ማወቅና መለየት፦ የ«ኮምፕሌመንት» ስያሜ ታሪክና የአማርኛ አተረጓጎሙ

1. የጥያቄው አነሣሥ

የሳይንስን ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ስሞች ነው። አዲሱን ነገር በምን ስም እንጥራው? ከግእዝ እናውጣ ወይስ ከውጭ ቋንቋ እንዋስ? እያለ ያወጣል ያወርዳል። ግሦች ግን የታወቁና የተለመዱ መስለው ስለሚታዩ ያለ ምርመራ ያልፋሉ። ይሁን እንጂ የትርጉም ስሕተት ሾልኮ የሚገባው ብዙ ጊዜ በግሡ በኩል ነው። ስሙ አዲስ ስለሆነ አንባቢ ቆም ብሎ ይጠይቃል፤ ግሡ ግን የዕለት ተዕለት ቃል ስለሆነ የተሳሳተውን ሐሳብ እንደ እውነት አድርጎ ያስተላልፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በአንድ ምሳሌ ማሳየት ነው። ምሳሌውም ኮምፕሌመንት የሚባለው በሰው ደም ውስጥ የሚገኝ የፕሮቲኖች ሥርዓት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን ከሰውነት ሕዋሳት የሚያበጥርበት መንገድ ነው። በዚህ ረገድ የተጻፉ የውጭ መጻሕፍት ሥራውን የሚገልጹት በአንድ ግሥ ሲሆን የግሡም ቀጥተኛ ፍች «ዐይቶ ማወቅ» ነው። ተርጓሚውም ሳያመነታ «ደም ባክቴሪያውን ያውቀዋል» ብሎ ይጽፋል። የኮምፕሌመንት ታሪክ ሲመረመር ግን ነገሩ እንዲህ ሆኖ አይገኝም። እንዲያውም ከኢትዮጵያ ሕሙማን ደም የተገኘ አንድ ባክቴሪያ «ያውቀዋል» የሚለውን አባባል ያፈርሰዋል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት የስያሜውን ታሪክ በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል።

2. ሁለት ስሞች፣ ሁለት ሐሳቦች

እ.ኤ.አ. በ1888 ጆርጅ ነታል የተባለው ተመራማሪ የእንስሳት ደም ባክቴሪያዎችን የመግደል ኃይል እንዳለው አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት ሐንስ ቡክነር ይህ ኃይል በደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ማለትም በሴረሙ ውስጥ እንደሚገኝ፣ ፈሳሹም እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ኃይሉ እንደሚጠፋ ገለጸ። ቡክነር ለዚህ ኃይል ያወጣለት ስም «አሌክሲን» ነው። ቃሉ የመጣው «መከላከል፣ መመከት» ከሚል የግሪክ ግሥ ሲሆን ነገሩ ራሱን ችሎ የሚመክት መሆኑን ያመለክታል።

ከዚህ በኋላ በፓሪስ የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ቤልጅየማዊው ዡል ቦርዴ እ.ኤ.አ. በ1895ና በ1896 ባደረጋቸው ምርመራዎች በሴረም ውስጥ ሁለት ነገሮች በአንድነት እንደሚሠሩ አስረዳ። አንደኛው ሙቀትን የሚችልና ለአንድ ባክቴሪያ ብቻ የተለየ ነው፤ ይህም ዛሬ ፀረ እንግዳ አካል የምንለው ነው። ሁለተኛው ሙቀትን የማይችልና ለማንኛውም ባክቴሪያ የሚያገለግል ነው። ቦርዴ ይህን ሁለተኛውን በቡክነር ስም «አሌክሲን» ማለቱን አልተወም።

እ.ኤ.አ. በ1899 ግን ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ ለዚሁ ነገር «ኮምፕሌመንት» የሚል ሌላ ስም አወጣ። ፍችው «አሟይ» ወይም «ማሟያ» ማለት ነው። ኤርሊክ እንደሚለው ባክቴሪያውን ፈልጎ የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካሉ ነው፤ ሌላው የዚያን ሥራ ከመፈጸም በቀር የራሱ ድርሻ የለውም። እንግዲህ በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ልዩነት የጣዕም ልዩነት አልነበረም። «አሌክሲን» ያለ ሰው ነገሩን ራሱን የቻለ ተከላካይ አድርጎ ሲያየው፣ «ኮምፕሌመንት» ያለ ሰው የሌላ ተከታይ አድርጎ ያየዋል። ቦርዴ እ.ኤ.አ. የ1919ን የኖቤል ሽልማት ቢያገኝም በስያሜው ክርክር የጸናው የኤርሊክ ቃል ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ስሙ የጸናው ከበስተኋላው ያለው ሐሳብ በሙሉ ትክክል ሆኖ ስለተገኘ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሉዊስ ፒልመርና ባልደረቦቹ ያለ ፀረ እንግዳ አካል ባክቴሪያን ሊያጠቃ የሚችል ሌላ መንገድ በሴረም ውስጥ እንዳለ አስታወቁ፤ ለዚህም መንገድ ቁልፍ የሆነውን ፕሮቲን «ፕሮፐርዲን» አሉት። ቃሉ ማጥፋትን ከሚያመለክት የላቲን ሥር የወጣ ነው። ሐሳቡ ወዲያው ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ ፒልመርም እ.ኤ.አ. በ1957 ሞተ። መንገዱ በእርግጥ መኖሩ ተቀባይነት ያገኘው ከእርሱ ሞት በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ነው። በዚህም «አሟይ» የተባለው ነገር ያለ ሚሟላው ነገር ራሱን ችሎ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም።

3. የቁጥሮቹ ነገር

የኮምፕሌመንት ክፍሎች እየበዙ ሲሄዱ ስያሜውን ሥርዓት ማስያዝ የግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1968 የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመው የስያሜ ስምምነት ዘጠኙ ዋና ዋና ክፍሎች ከሲ1 እስከ ሲ9 ባሉት ቁጥሮች እንዲጠሩ ተወሰነ። ሆኖም ቁጥሮቹ የሥራውን ቅደም ተከተል አይከተሉም። ሲ4 የሚሠራው ከሲ2 አስቀድሞ ነው፤ ተራው 1፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5 እያለ ይሄዳል። ምክንያቱም ክፍሎቹ ቁጥር ያገኙት በተለዩበት ዘመን እንጂ በሥራቸው ተራ አለመሆኑ ነው። ይህ ለተርጓሚ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። «ሲ2»ን «ሁለተኛው አሟይ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ከመንገድ ያስወጣዋል። እንዲህ ያለው ስም የታሪክ ቅርስ እንጂ መግለጫ ስላልሆነ እንዳለ ሊወሰድ ይገባዋል።

4. ልየታው እንዴት ይፈጸማል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ኮምፕሌመንት ሥራውን የሚጀምርባቸው ሦስት መንገዶች አሉ።

በመጀመሪያው መንገድ ሲ1 የተባለው ክፍል በባክቴሪያው ላይ አስቀድሞ የተጣበቀውን ፀረ እንግዳ አካል ይይዛል። እዚህ ላይ ባክቴሪያውን የሚያውቀው ፀረ እንግዳ አካሉ ነው፤ ሲ1 የሚይዘው የእርሱን ጅራት ነው። በሁለተኛው መንገድ ሌክቲን የሚባሉ ፕሮቲኖች እንደ ማኖስ ያሉትን፣ በብዙ ባክቴሪያዎችና በፈንገሶች ገጽ ላይ ተደርድረው የሚገኙትን የስኳር ዓይነቶች ይይዛሉ።

ሦስተኛው፣ ማለትም ፒልመር የጠቆመው መንገድ፣ ከሁለቱ በጣም የተለየ ነው። ሲ3 የተባለው ፕሮቲን በአንድ ሊትር ሴረም ውስጥ 1 ግራም ገደማ ይገኛል። ከዚህም ጥቂቱ ያለ ማንም ቀስቃሽ ዘወትር በዝግታ ይነቃል። የነቃው ቁራጭ ሲ3ቢ ይባላል፤ በውስጡም ተሸሽጎ የነበረ ኬሚካዊ ማሰሪያ ለቅጽበት ይገለጥና በአጠገቡ ያገኘውን ገጽ ሁሉ ይይዛል። የሚይዘው የባክቴሪያን ገጽ ብቻ አይደለም፤ የሰውየውን የራሱን ሕዋስ ገጽም ይይዛል። በዚህ ደረጃ ላይ ወዳጅና ጠላት የሚባል ነገር የለም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከተያዘ በኋላ ነው። በደም ውስጥ ፋክተር ኤች የሚባል ተቆጣጣሪ ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን በሰው ሕዋሳት ገጽ ላይ የሚገኘውን ሲያሊክ አሲድና እርሱን የመሳሰሉ ምልክቶች ሲያገኝ እዚያ ያርፋል፤ በአካባቢው የተለጠፈውንም ሲ3ቢ ሌላው ባልደረባው ቆርጦ እንዲያከሽፈው ይረዳል። ምልክቱ የሌለበት ገጽ ግን ይህን ጥበቃ አያገኝም። አንዱ ሲ3ቢ ሌሎችን እየጠራ ይበዛል፤ ገጹም በሲ3ቢ ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ ዋጭ ሕዋሳት የተሸፈነውን ባክቴሪያ ይውጡታል፤ ወይም ከሲ5 እስከ ሲ9 ያሉት ክፍሎች ተገጣጥመው በቆዳው ላይ ቀዳዳ ይከፍቱበታል።

እንግዲህ በዚህ መንገድ ኮምፕሌመንት ባክቴሪያውን «ያውቀዋል» ለማለት አይቻልም። የሚለየው የራሱን ወገን ነው። ሁሉንም ይይዛል፤ የቤቱን ምልክት ያየበትን ይለቃል፤ ያላየበትን አይለቅም። በሌሎቹ ሁለት መንገዶች የተጀመረውም ሥራ በመጨረሻ ወደዚሁ ወደ ሲ3 ስለሚደርስ በዚሁ ማጣሪያ ሥር ያልፋል።

የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ሥራ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ከማጅራት ገትር በሽታ መረዳት ይቻላል። ከሲ5 እስከ ሲ9 ካሉት ክፍሎች አንዱ በውርስ የጎደለው ሰው በአመዛኙ ጤነኛ ሆኖ ሊኖር ይችላል፤ በማጅራት ገትር አምጪው ባክቴሪያ በሜኒንጎኮከስ ለመያዝ ግን ከሌላው ሰው እጅግ የተጋለጠ ነው። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ አፍሪካን በሚያቋርጠው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ የምትገኝ አገር እንደመሆንዋ ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በነገራችን ላይ «ማጅራት ገትር» ራሱ የሕዝብ ቃል አወጣጥ ምን ያህል የተዋጣለት እንደሆነ ያሳያል። ስሙ ከግሥ የወጣ ነው፤ ግሡም የታየውን ምልክት በትክክል ይናገራል።

5. ከኢትዮጵያ ሕሙማን ደም የተገኘ ማስረጃ

የሚያገረሽ ትኩሳት በቅማል አማካይነት የሚተላለፍ በሽታ ነው። የሚያመጣውም ቦሬልያ ሬከረንቲስ የተባለ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ነው። ቅማሉ በጥፍር ሲጨፈለቅ ከሰውነቱ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ በኩል ይገባል። በሽታው ካልታከመ ከተያዙት መካከል ከ10 እስከ 40 ከመቶ የሚሆኑትን ሊገድል እንደሚችል ተጽፏል። ዛሬ በዓለም ላይ ነባር መኖሪያው የአፍሪካ ቀንድ፣ በተለይም ኢትዮጵያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በኢትዮጵያ የታከሙ የ62 ሕሙማን ጥናት ታትሞ የበሽታውን ጠባይ ለዓለም አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከአዳማ በስተ ደቡብ በሚገኘው በአርሲ ዞን በከተማ ነዋሪዎች መካከል ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር።

ባክቴሪያው ለረጅም ዘመን ከሕያው አካል ውጭ ሊራባ አልቻለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ግን ከኢትዮጵያ ሕሙማን ደም የተወሰደው ቦሬልያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቤተ ሙከራ እንዲራባ ተደረገ። ይህም በመሆኑ ከሰው ሴረም ጋር በቀጥታ እያገናኙ መመርመር ተቻለ። ከ2006 ጀምሮ እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በወጡት ጥናቶች የተገለጸው ነገር የሚያስደንቅ ነው። ቦሬልያ ሬከረንቲስ በሰው ሴረም ውስጥ በሕይወት ይቆያል፤ የሚቆየውም በገጹ ላይ ባሉት ፕሮቲኖች የሰውየውን ፋክተር ኤች ከደም ውስጥ ይዞ በራሱ ላይ ስለሚለጥፍ ነው። የመጀመሪያውን መንገድ የሚገቱትን ሌሎች ተቆጣጣሪዎችም እንደዚሁ ይለጥፋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲለው የሚያስፈልግ ነገር አለ። ባክቴሪያው ራሱን ከደም አልሸሸገም፤ ያደረገው የቤቱን ምልክት ሰርቆ መልበስ ነው። ኮምፕሌመንት ጠላቱን የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ዘዴ ምንም ባልጠቀመው ነበር። ዘዴው የሚሠራው ኮምፕሌመንት የሚለየው ወገኑን ስለሆነ ነው።

በሌላ በኩል ይኸው ባክቴሪያ ሁለተኛ ማታለያ አለው። በገጹ ላይ ያሉትን ዋና ዋና ፕሮቲኖች ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለዋውጣል። ፀረ እንግዳ አካል የመጀመሪያውን ትውልድ ዐውቆ ያጠፋዋል፤ ትኩሳቱም ይበርዳል። ልብሱን የለወጠው ሌላው ትውልድ ግን አይታወቅምና አንድ ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ ትኩሳቱ ይመለሳል። ስለዚህ በአንድ በሽታ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሽንፈት ይታያል፦ ፀረ እንግዳ አካል የሚሸነፈው ያወቀው ስለተለወጠበት ነው፤ ኮምፕሌመንት የሚሸነፈው መለያው ስለተሰረቀበት ነው። ለሁለቱም «ማወቅ» የሚለውን አንድ ግሥ የተጠቀመ ተርጓሚ ይህን ልዩነት ከአንባቢው ይሰውረዋል።

የበሽታው የአማርኛ ስም ግን ከዚህ ሁሉ ነቀፋ ነጻ ነው። «አገረሸ» የሚለው ግሥ ለበሽታም ለጠብም የሚነገር ሲሆን የተዳፈነ ነገር እንደገና መነሣቱን ያመለክታል። ደግሞም «አገረሸበት» ስንል ባለቤቱ በሽታው ነው፤ ሕመምተኛው በግሡ ጫፍ በ«በት» የሚመለከተው ሰው ነው። ይህ አነጋገር ከላይ ከተገለጸው እውነት ጋር ይስማማል፤ የተመለሰው ሰውየው ሳይሆን በደሙ ውስጥ ተርፎ የቆየው ነገር ነውና።

6. ቃሉ በወለንጪቲ ሲፈተን

የአንድ የሙያ ቃል ብቃት የሚታወቀው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሳይሆን ሰው ለሰው ሲያስረዳበት ነው። ለዚህ ፈተና ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ወለንጪቲን እንውሰድ። የቦሰት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ወለንጪቲ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ የሚነገሩባት ናት። በስምጥ ሸለቆ እንዳሉት እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ፣ ትኩሳት ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ወባ ነው። የሚያገረሽ ትኩሳት አምጪውም የሚታየው ለወባ ምርመራ በመስታወት ላይ በተቀባው በዚያው ደም ውስጥ ነው። መርማሪው ወባ ሲፈልግ ጠመዝማዛውን ባክቴሪያ ሊያገኝ ይችላል።

በእንዲህ ያለ ስፍራ አንድ የጤና ሠራተኛ ለሕመምተኛው ስለ ግርሻ ሲያስረዳ «ደምህ ጀርሙን ያውቀዋል» ቢለው አድማጩ የሚረዳው ነገር ግልጽ ነው። የታወቀ ጠላት አንዴ ከተባረረ አይመለስም፤ እንግዲያውስ ትኩሳቱ ከበረደ ድኛለሁ ማለት ነው ብሎ ሳይታከም ወደ ሥራው ይሄዳል። ጤና መስሎ በሚታየው በዚያ ሳምንት ቅማሉ ከልብሱ ወደ ሌላው ሰው ልብስ ይሻገራል። የቃል ምርጫ ከሰው ሕይወት ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ኦሮምኛም በዚህ ረገድ የሚያስተምረን ነገር አለው። «ማወቅ» በኦሮምኛ «ቤኩ» ነው፤ «መለየት» ደግሞ «አደ ባሱ»፣ ቃል በቃል «ለብቻው ማውጣት» ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች አፉን የፈታባቸው ሰው ሁለቱን ግሦች አይቀላቅልም። የከብት ባለቤት በብዙ መንጋ መካከል የራሱን ከብቶች በምልክታቸው ለይቶ ያወጣል እንጂ የሰውን ከብት ሁሉ አንድ በአንድ ማወቅ አይጠበቅበትም። የእርሱን ምልክት በሌላ ከብት ላይ ያተመ ሌባ ግን ሊያታልለው ይችላል። የኮምፕሌመንትና የቦሬልያ ታሪክ በዚህ ምሳሌ ለተማረም ላልተማረም ሰው ሊገለጥ ይችላል።

7. ስለ ቃላቱ የቀረበ ሐሳብ

ከላይ ከተባለው ተነሥተን የሚከተሉትን ነጥቦች ለተርጓሚዎችና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ «ኮምፕሌመንት» የሚለው ስም በውሰት እንዳለ ቢቀመጥ ይሻላል። «አሟይ» ብለን ብንተረጉመው የምንተረጉመው የኤርሊክን ሐሳብ ነው፤ «መካች» ብንለው ወደ ቡክነር እንመለሳለን። ሌሎች ቋንቋዎች ስሙን የያዙት በልማድ እንጂ በእውነትነቱ አይደለም። የእነርሱ ልማድ ያመጣውን ሸክም አዲስ ልብስ አልብሰን የምንሸከምበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ፣ የሥርዓቱን ሥራ ለመግለጽ «መለየት» የሚለው ግሥ፣ ለስሙም «ልየታ» እንዲያገለግሉ። ግሡ ከግእዙ «ሌለየ» ጋር የሚዛመድ፣ «መለያ»ንና «ልዩነት»ን የወለደ፣ ፍችውም የጸና ነው። «ማወቅ»ና «ማስታወስ» ደግሞ ቀድሞ ያጋጠመውን ነገር ለይተው ለሚይዙት ለፀረ እንግዳ አካላትና ለተዛማጅ ሕዋሳት ይጠበቁ።

ሦስተኛ፣ «ፀረ እንግዳ አካል» በተባለው ስም ውስጥ «እንግዳ» የሚለው ቃል እንደገባ ሁሉ፣ ለተቃራኒው፣ ማለትም ለሰውነት የራሱ ለሆነው ነገር፣ «ቤተኛ» የሚለው ቃል ቢወሰድ ሐሳቡን በሚገባ ይሸከማል። ፋክተር ኤች የሚያርፈው በቤተኛ ገጽ ላይ ነው፤ ቦሬልያም ቤተኛ መስሎ የሚገባ እንግዳ ነው።

አራተኛ፣ «ኦፕሶኒን» የተባለውን ስም ቢያንስ በማብራሪያ ደረጃ «ማባያ» ልንለው እንችላለን። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1903 ያወጡት አልምሮዝ ራይትና ስቱዋርት ዳግላስ ናቸው። ያወጡበትም ምክንያት በባክቴሪያው ላይ የሚለጠፉት እንደ ሲ3ቢ ያሉት ነገሮች ለዋጭ ሕዋሳት ምግቡን የሚያዘጋጁ ስለመሰሉዋቸው ነው። የግሪኩ ሥረ ቃል ከእንጀራ ጋር ለሚበላ ነገር የሚነገር ስለሆነ፣ ከእንግሊዝኛ ይልቅ አማርኛ ለዚህ ቃል የተዘጋጀ ፍች አለው።

8. ማጠቃለያ

የኮምፕሌመንት ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ የስያሜ ታሪክ ነው። ስሞቹ ከሐሳብ ተወልደው ሐሳቡ ሲለወጥም እንደነበሩ ቆይተዋል። ዘግይቶ የመጣ ቋንቋ በዚህ በኩል አንድ ጥቅም አለው፤ የሌሎቹን መሰናክል አይቶ ሊያልፍ ይችላል። ስሙን መዋስ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ግሡ የራሳችን፣ ያውም በሚገባ የተመረመረ ይሁን። ደም ጠላቱን ያውቃል ከማለት ቤተኛውን ይለያል ማለት የሐኪሙንም የሕመምተኛውንም አስተሳሰብ ወደ እውነቱ ያቀርባል። ቤተኛ መስሎ የገባውን እንግዳ ለማስወጣትም መድኃኒት እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳው ይኸው አነጋገር ነው።